የሳይክሉ አንገት

ሳይክሉ ቤታችን የገባው ያለ ጎማ፣ ያለ መሪ፣ ያለ ኮርቻ ነው። አባቴ ከወርሻ፣ መስኮትና በር ከሚሠራበት፣ ሲመለስ በአንድ እጁ የዳቦ ፌስታል፣ በሌላው እሱን አንጠልጥሎ ገባ። ቀለሙ ተፍቆ አልቋል፤ የታጠበ አጥንት ነው የሚመስለው። ከኩሽና ወደ መታጠቢያ ቤት በሚወስደው ኮሪደር ምስማር መታና ሰቀለው።

«ማንም እንዳይነካው» አለ። «ይረፍ።»

ሳይክል ከምን ነው የሚያርፈው? አልጠየቅኩም። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ለጠየቀ ሰው መልሱ «ሂጂ ተጫወቺ» ነበር። የት እንደምጫወት ግን የነገረኝ የለም። ቱቅባ ነው፣ ኾበር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፤ ከላውንድሪ ቤት በላይ ሁለት ክፍል። እንፋሎቱ በደረጃው ወጥቶ በበራችን ሥር ይገባል፤ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ ያልበዋል።

አባቴ ሶላት ላይ ሲቆም ነካሁት። በአንድ እጄ ተነሳልኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የሻይ በራድ እንኳን በሁለት እጅ ነው የማነሳው። መሪው የሚሰካበት ቦታ፣ አንገቱ ላይ፣ ዙሪያውን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነገር አለ። የሚያምር። ጌጥ መሰለኝ።

ብየዳ ነው። አባቴ በዕድሜው ከበየደው ሁሉ የሚያምረው ሳይሆን አይቀርም።

አጎቴ ረመዳን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ለዑምራ ብሎ መጥቶ ቀረ። ሳሎን ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ ቴሌቪዥን ያያል። በር ሲንኳኳ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ዓይን አፋር መሰለኝ። ይህን የሚያህል ሰውዬ፣ ሲቀመጥ ፍራሹ የሚተነፍስ ሰውዬ፣ እንግዳ ያፍራል ብዬ ይገርመኝ ነበር። እኔ «ጋሼ» ነው የምለው።

ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። እዚያ ሠራተኛው ሁሉ በሳይክል ነው የሚገባው፣ በሳይክል ነው የሚወጣው፤ ፈረቃ ሲለቀቅ አስፋልቱ አይታይም አለኝ። ይህን ሲያወራ ብቻ ነው ድምፁ ከፍ የሚለው።

«ማንም አይቀድመኝም ነበር።»

«ማንም ማንም?»

«አንድ ሰው ነበር። እሱም ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።»

«ባሕር ዳር ደግሞ የት ነው ቁልቁለቱ?» አለች እናቴ ከኩሽና።

«ቤዛዊት ኮረብታ ጋ ነዋ እትዬ!»

«ቤዛዊት ፋብሪካ አለ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ለልጅ እኮ ነው የማወራው።»

በቃ፣ እኔ ጨረስኩት። ሳይክል መጥቷል። አጎቴ ተወዳዳሪ ነው። አባቴ የውድድር ሳይክል እየሠራለት ነው።

ሳይክሉ የሙሐነድ ነው፣ የካፊሉ ልጅ። ካፊሉ ማለት አባቴ በስሙ የሚሠራለት፣ የኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ባለቤት። ከአሜሪካ ያመጣለት የአሉሚኒየም ሳይክል አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። «ወርሻ ሙሉ አሉሚኒየም አለህ፣ ይህቺን ትበይድልኛለህ» አለው አባቴን። ቀጥሎ፣ አንድ እግሩን መኪና ውስጥ አስገብቶ፣ «የሚስትህን ወንድም ፓስፖርትም አምጣው፣ እናያለን ኢንሻአላህ» አለ። ሁለቱ ነገር ተከታትሎ ስለመጣ ወላጆቼ አንድ ነገር አደረጉት። እኛ ዘንድ ውለታ ይመለሳል። የዋልክለት ሰው ሳይመልስ ቀን ሲቆጥር ያፍራል። ካፊሉ ደግሞ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ወሬውን ነው ያወራው።

በፈረንጅ ዘጠና ሰባት ነው። መንግሥት ምሕረት አውጆ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ያለ ቅጣት ይውጣ፣ ካፊል ያገኘም ያስተካክል ተብሎ። ቀኑ ካለፈ እስር ነው። ያስጠለለውም ኢቃማውን ይነጠቃል። ስለዚህ አጎቴ ወይ ካፊል ያገኛል ወይ ይሄዳል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ፋብሪካው ቀንሶታል፣ የሚሄድበት የለውም። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ውድድር ነው።

«ስድስት ሺ ይሁን ሰባት ሺ በምን አውቄ?» ይላል አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ። «ጽሑፉን ልጁ ፍቆ ስቲከር ለጥፎበታል።»

«ሰባት ሺ ነው በል።»

«በማለት አይሆንም፣ ረመዳን።»

«እሺ በለውና ይሁን።»

ሜትር መሰለኝ። ሰባት ሺ ሜትር ረጅም ነው፣ ግን አጎቴ ይችለዋል አልኩ።

አሉሚኒየም ብቻውን ለስላሳ ነው፤ ሳይክል አይሆንም። ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል፤ ቅልቅሉ በቁጥር ይጠራል። ስድስት ሺዎቹ ማግኒዥየምና ሲሊከን ነው ያላቸው፣ ሰባት ሺዎቹ ዚንክ። ሁለቱም ሲበየዱ ከብየዳው አጠገብ ይደክማሉ። ዚንክ ያለበት ጥቂት ቀን አርፎ ለስለስ ያለ ምድጃ ቢገባ ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ወርሻው የመስኮት ቀለም የሚያበስልበት ምድጃ ይበቃዋል። ሌላው ግን ሊቀልጥ እስኪቀርብ ግሎ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ ድክመቱ አይለቀውም። ያ ምድጃ አባቴ ጋ የለም። ሲታዩ ደግሞ መንትያ ናቸው። አባቴ ሰባት ሺ ነው ብሎ ገመተ። ግምት ነው። ከዚያ የበለጠ ነገር አልነበረውም።

ደርግ እስኪወድቅ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ነበር፣ የአውሮፕላን ቆርቆሮ ሠራተኛ። አውሮፕላን አይበየድም፣ በሪቬት ነው የሚሰፋው። መበየድ የለመደው እዚህ፣ ደማም፣ መስኮትና በር ላይ ነው።

«መስኮት ላይ ማን ይጋልባል?» ሲል ሰምቼዋለሁ። እናቴ ሳህን ታጥባለች።

ሐሙስ ሐሙስ ጋሽ ወልደሚካኤል ይመጣል፣ ዳማ ሊጫወት። ታች፣ ከላውንድሪው ጎን ነው የሚኖረው፤ ደማም ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ያነሳል። በሩን ሲያንኳኳ ሦስት ጊዜ ነው፣ አጎቴ እንዳይደበቅ።

«አንተ ረመዳን» አለ ገና ሳይቀመጥ፣ «ረመዳን እኮ ሠላሳ ቀን ነው። ያንተ መቼ ነው የሚፈታው?»

«ጨረቃ አልታየችም፣ ጋሽ ወልዴ።»

ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

«ወልዴ» አለ አባቴ ጠጠሩን እየደረደረ፣ «አንድ ነገር ላስቸግርህ። ብየዳውን ራጅ አንሳልኝ።»

«ምን?»

«ውስጡን ልየው። ከውስጥ ስንጥቅ ካለ ራጅ ያወጣዋል።»

«ሳይክል አቅፌ ራጅ ክፍል ልግባ? የበሽተኛው ስም ማን ልበል?»

«ሙሐነድ በል» አለ አጎቴ።

«ዕድሜ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ምን ሆነ?»

«አንገቱን ያመዋል።»

አሁን እናቴም ሳቀች፣ በሻሿ አፏን ይዛ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ከነከነኝ። ሙሐነድ የሚባል ልጅ አንገቱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እነሱ ይስቃሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሰግድ ዱዓ አደርግለት ነበር።

«ስማኝ፣ የረዋን አባት» አለ ጋሽ ወልደሚካኤል፤ ረዋን እኔ ነኝ። «ስጠው በቃ። ያብረቀርቃል፣ ያምራል። ልጁ ቢወድቅስ? ልጅ አይደለም? ልጅ ይወድቃል።»

«ከአንገቱ ነው የሚለቀው። መሪው እጁ ላይ ይቀራል። በፊቱ ነው የሚተከለው።»

«ኢንሻአላህ አይለቅም» አለች እናቴ።

«ብረት ቢሆን ይጎብጣል፣ ይጮኻል፣ ያስጠነቅቃል። ይሄ ዝም ብሎ ይቆይና…» አባቴ ጣቶቹን ጨብጦ ለቀቃቸው።

«አንተ ስለ ሙሐነድ ፊት ታስባለህ» አለችው። «የኔ ወንድም ፊትስ?»

አጎቴ የጋሽ ወልደሚካኤልን ጠጠር በላ። «ንጉሥ አድርገኝ» አለው።

ሳይክሉ አርፎ ሲጨርስ ወርሻ ሄዶ፣ ምድጃ ገብቶ፣ ጎማውንና መሪውን ለብሶ ተመለሰ። በማግስቱ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ አጎቴ የአባቴን ኮፍያ ደፍቶ ሳይክሉን ትከሻው ላይ አደረገና ወረደ። ከመጣ ጀምሮ ከቤት ሲወጣ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ከዙህር በኋላ ቱቅባ የሞተ ነው። ሱቁ ይዘጋል፤ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ድመቷ እንኳን መኪና ሥር ነች። ተወዳዳሪ በሙቀት ነው የሚለማመደው አልኩ። እኔ ጣራ ላይ ወጣሁ፤ የውሃ ታንከርና የዲሽ ሰሐን መሀል ጥላ ፈልጌ ቁጢጥ አልኩ። ሲሚንቶው በጫማዬ ውስጥ ያቃጥላል። ከሕንፃው ጀርባ ተጀምሮ የቀረ ግንባታ አለ፤ የአሸዋ ክምር፣ የተሰባበረ ብሎኬት፣ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ። የውድድሩ ሜዳ እሱ ነው።

እንዲህ ሲጋልብ ሰው አይቼ አላውቅም። ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያላጋ ይመጣል። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ በፊት ጎማው ይገጨዋል። ይወጣል፣ ይዘላል፣ ጓ ብሎ ያርፋል። ዞሮ ይመጣል፣ እንደገና። ያ ሁሉ ሰውነት። አጨበጨብኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ደግሞ ገጨው።

አንድ ቀን የሹርጣ፣ የፖሊስ፣ መኪና በጥጉ ታጠፈ፣ ቀስ እያለ። አጎቴ ከነሳይክሉ ከአሸዋው ክምር ጀርባ ተጋደመ። እረፍት መሰለኝ። መኪናው ቆመ፤ ሹፌሩ ከፀሐይ መከላከያው በታች የሆነ ነገር ሲጠጣ ቆየ፤ ሄደ። አጎቴ ሲነሳ ክንዱ በትኩሱ አሸዋ ተልጧል። ቤት ገብቶ እናቴ ቅባት ስትቀባው «ወድቄ ነው» አላት።

«አልወደቀም! ተኝቶ ነው!» አልኩ።

«አንቺ ሰላይ» አለኝ።

አባቴ በቀትር ዕረፍቱ ለመብላት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሳይክሉን ነው። ተንበርክኮ አንገቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።

«እንዴት ነው?»

«ቆሟል።»

«ነገ ከፍ ካለው ላይ ዝለል።»

«እሺ።»

አባቴ አሠልጣኝ ነው አልኩ። ጨካኝ አሠልጣኝ። ሸሚዙ ከባልዲ የወጣ የሚመስለውን ሰው፣ ጨው ጀርባው ላይ የደረቀበትን ሰው፣ ነገ ከፍ ካለው ይለዋል።

ሊሰብረው ነበር የሚጋልበው። ሁለቱ ተነጋግረዋል። በዚህ ሰውነት ተደብድቦ ከቆመ ልጁን ይችላል፤ ሙሐነድ ሳይክሉን፣ አጎቴ ወረቀቱን ያገኛል። ከተሰበረ አጎቴ ይሄዳል። ከማንም በላይ እንዲቆም የሚፈልገው ሰው ነው እንዲሰብረው የተሰጠው። ማንም ቆሞ አይቆጣጠረውም። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ «ቆሟል» ቢል ማን ያውቃል? ያየሁት እኔ ነኝ፣ ከጣራ ላይ። አንድ ቀንም ቀስ አላለም።

ካፊሉ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በፊት እመጣለሁ ያለ ቀን አባቴ ቀደም ብሎ ገባ። ጎማውንና መሪውን ፈታ። አንገቱን በነጭ ጋዝ አራሰው፤ ቆየ፤ በጨርቅ ጠርጎ አደረቀው።

«ረዋን፣ ጠመኔሽን አምጪ። ነጩን።»

ሰሌዳ ነበረኝ። ነጩን ጠመኔ በሳህን ላይ በማንኪያ ፈጨሁት፤ በጣም አላምኩት። አባቴ ቆንጥሮ ቆንጥሮ ብየዳው ላይ ነሰነሰው። አንገቱ በሙሉ ነጭ ሆነ፣ ዱቄት እንደነካው ልጅ። ለውድድሩ ማስዋቢያ ነው አልኩ። ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን አየነው። ላምባው ይሸታል። ከታች የላውንድሪው ማሽን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል።

ከዚያ ነጩ ላይ አንድ ጥቁር መስመር መጣ። ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ።

«ፀጉር ነው» ብዬ ላነሳው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

ስንጥቅ ውስጥ የገባ ጋዝ አይጠረግም። ቆይቶ ይወጣና ጠመኔውን ያርሰዋል።

«ሂጂ እናትሽ ጋ።»

ሄድኩ። እናቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ ሽንኩርት ትከትፋለች ብዬ ነበር፣ ቢላው እጇ ላይ ነው፣ አትከትፍም። ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችኝ። ከኮሪደሩ የአባቴ ድምፅ ይመጣል፤ «ላይ ላዩን ሊሆን ይችላል» ሲል ሰማሁ። አጎቴ አባቴን «ጋሽ አወል» አለው፣ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ በኋላ ያለው አልተሰማኝም፤ የማሽኑ ድምፅ በላው። ሲረዝምብኝ ከድስቱ ክዳን ጋር መጫወት ጀመርኩ።

ከዚያ መጋዙ ጮኸ። የብረት መጋዝ፣ ሴጌቶ የሚሉት። ጥርስ ውስጥ ነው የሚገባው ድምፁ።

በእናቴ ክንድ ሥር አምልጬ ሮጥኩ። አጎቴ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሳይክሉን ጉልበቶቹ መሀል አጥብቆ፣ በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። አባቴ ከላዩ ቆሞ፣ አንድ እግሩን ቱቦው ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ይገዘግዛል። ብናኙ የአጎቴ ሱሪ ላይ ያበራል። ሁለቱም ያለከልካሉ።

ያየሁት ይህ ነው። አጎቴ ሳይክሉን አልለቅም ብሎ ሲታገል፣ አባቴ ከእቅፉ ውስጥ ሲያርድበት።

«ተወው! የጋሼ ነው!» የአባቴን ጀርባ በቡጢ ደበደብኩ። አልዞረም። «ጋሼ ሊያሸንፍ ነው፣ ቀንተህ ነው!» አልኩት። አጎቴ የሆነ ድምፅ አወጣ። ለቅሶ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ሳቅም ሊሆን ይችላል።

አንገቱ ወደቀ። ትንሽ ቁራጭ ነው፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እናቴ ከበሩ መጣች።

«ጨረስከው፣ መሐመድአወል» አለች። «ወንድሜን ጨረስከው።»

«የረዋን አባት» ነበር የምትለው ሁልጊዜ። ስሙን ስትጠራው ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ካፊሉ ክላክስ አደረገ። አባቴ ሁለቱን ቁራጭ ይዞ ወረደ፤ እኔ ከኋላው፣ እስከ ደረጃው መስኮት። ነጭ ካፕሪስ መኪና ነው፤ መስታወቱ ግማሽ ድረስ ወረደ፤ ቀዝቃዛው አየር እስከ እኔ የመጣ መሰለኝ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ያሳየዋል፣ በተሰባበረ ዓረብኛው ያስረዳዋል። ካፊሉ አየት አደረገው።

«ኸላስ፣ መሐመድ። ማፊ ሙሽኪላ» አለ፤ በቃ፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። «ሌላ ገዝቼለታለሁ።»

«ፓስፖርቱስ?»

«ቡክራ፣ ኢንሻአላህ።» ነገ ማለቱ ነው።

መስታወቱ መውጣት ጀመረ። ከኋላ ወፍራም ልጅ ተቀምጦ ጌም ይጫወታል። «ሙሐነድ፣ ቀበቶህን» ሲለው ሰማሁ። አንገቱን አየሁት። ደህና ነው። ዱዓዬ ደርሷል ብዬ ደስ አለኝ፤ በዚያ ቀን ደስ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ካፊሉ አልተቆጣም። አልተደሰተም። ሳይክሉን ሙሉውን ቢሰጠው ይፈርም ነበር ወይ፣ አላውቅም። እናቴ ይፈርም ነበር ነው የምትለው። ቡክራው ቀጠለ። አባቴ ፓስፖርቱን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይሄዳል፣ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይመለሳል፤ በላብ ሽፋኑ ተጣመመ። የምሕረቱ ቀን ሊያልቅ ሲል አጎቴ «በቃ፣ የእናንተንም ኢቃማ አላስነጥቅም» ብሎ ራሱ ጀዋዛት፣ ፓስፖርት ቢሮ፣ ሄዶ ተሰለፈ።

የሄደ ቀን እኔን አንስቶ ሳመኝ። «አባትሽን እንዳታስቀይሚው» አለኝ። ይቅር ብሎት ነው አልኩ። አጎቴ ደግ ነው፣ ሳይክሉን ቆርጦበት እንኳን ይቅር ይላል። እኔ ግን ደግ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እናቴና አባቴ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ረዋን፣ ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በዪው።» አባቴ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ለእናትሽ እጄን ታጥቤ መጣሁ በያት።»

ጨው አነሰ፣ ጨው በዛ፣ ኪራይ ደረሰ፣ ኤሲው ይንጠባጠባል፤ ሁሉም በእኔ። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይል ነበር፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በኋላ ደከመኝ። ትምህርት ቤት ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፤ ቤት ስገባ አሁንም «ለአባትሽ ንገሪው» ነው። እኔ ከእሷ ወገን ነበርኩ። መጋዙን አይቻለሁ እኮ።

አባቴ አምና ሞተ። ደማም ቀበርነው።

አጎቴ ለተዕዚያ፣ ሊያጽናናን፣ ከባሕር ዳር ደወለ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁ። አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ስልክ ላይ ከባድ ነው፤ የምትይዢለት እጅ የለም። ከዚያ፣ ምን ልበል ብዬ፣ «አንተስ ቂም አልያዝክበትም፣ ደግ ነህ» አልኩት።

«የምን ቂም?»

«ሳይክልህን ቆርጦብህ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«የማንን ሳይክል?» አለኝ።

አጭር አድርጎ ነገረኝ። እኔም አጭር አድርግ ብየዋለሁ፣ እረፍቴ እያለቀ ነበር። ጠመኔው ላይ መስመሩ ሲታይ አባቴ ሊሰጥ ነበር። «ላይ ላዩን ነው፣ ቀለም እንቀባውና እንስጠው፤ ሽኩሪያ ምን ትለኛለች» አለው፣ እናቴን ማለቱ ነው። ቁረጠው ያለው አጎቴ ነው።

«አንተ?»

«ካልቆረጥነው እኮ እኔም ሐሳቤን ልቀይር ነው። ሰው ነኝ። ቶሎ በል አልኩት፣ ኢቃማው ሳያምረኝ።»

«እኔ ግን ስትታገል አይቼሃለሁ። ይዘኸው።»

«ቤት ውስጥ ሞርሳ የለ! ማን ይያዝለት? በጉልበቴ ያዝኩለት።»

ፀሐዩ አናቴን ይመታኛል። የመኪና ጥላ ሥር ገባሁ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልጅ ነበርሽ። ትረሳዋለች አልኩ።» ሲናፈጥ ሰማሁት። «ሰባት ሺው ግን ስድስት ሺ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ወይ ደግሞ ብየዳው ነው። አናውቅም።»

ወደ ሥራ ገባሁ። ማታ ቤት ገባሁ፤ እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ እዚሁ ቱቅባ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ነገርኳት። ማስታመም አልችልበትም፤ ቀጥ አድርጌ ነው የነገርኳት። ቁረጠው ያለው ወንድምሽ ነው፣ አባ ሊሰጥ ነበር፣ ጋሼ ነው የያዘለት።

መላጧን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«በሩ ላይ ቆሜ አልነበረም? ቁረጠው ሲለው ሰምቻለሁ።»

ቦርሳዬን አስቀመጥኩት።

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ረመዳኔ ሄደ። በስልክ ምን ብዬ እጣላዋለሁ? ደህና ነህ ወይ ስል ካርዱ ያልቅ ነበር።» አንዱን ፍሬ በጥፍሯ ላጠች፤ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። «አባትሽ ግን እዚህ ነበር። በየቀኑ ይመጣል።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞኝም ነበር።

«ቁረጠው ያለኝ ወንድምሽ ነው ይለኛል ብዬ ጠበቅሁት» አለች። «አንድ ቀን ቢለኝ፣ ወላሂ እታረቀው ነበር።»

ሌላ ፍሬ አነሳች።

«አላለማ።»